ፓወሩ አራትና ስድስት ሲሆን ምን እናርግ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የመጡት የአልጀብራ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚገናኙት፣ ኤክስ² ያለውን ሶስት ተርም ፋክተር ማድረግ (ወደሚባዙ ቅንፎች መበተን) የቻለ ሰው ኤክስ⁴ ወይ ኤክስ⁶ ሲያይ ለምን እንደሚቆም። አራቱን መርጬ እመልሳለሁ፣ የመጀመሪያው ላይ ረዘም እላለሁ ምክንያቱም እሱ ከገባ የቀሩት ይቀላሉ።

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ የሀይስኩል ተማሪ ነኝ። ኤክስ² + 5ኤክስ + 6 ዓይነቱ ምንም አይከብደኝም፣ ሲባዙ 6 ሲደመሩ 5 የሚሆኑትን ፈልጌ (ኤክስ + 2)(ኤክስ + 3) ብዬ እጨርሳለሁ። ፈተና ላይ ግን ኤክስ⁴ − 13ኤክስ² + 36 መጣና ድርቅ ብዬ ቀረሁ፣ ባዶ ትቼው ወጣሁ። ጓደኛዬ ደግሞ (ኤክስ² − 4)(ኤክስ² − 9) ብሎ ሰራው ግን ግማሽ ማርክ ብቻ ነው የተሰጠው። እኔ ምን ማድረግ ነበረብኝ? እሱስ ምን አጠፋ?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ያ ባዶ የተውከው ጥያቄ እና አንተ አይከብደኝም ያልከው ጥያቄ አንድ ናቸው፣ ልብሱን ቀይሮ ነው የመጣብህ። ኤክስ⁴ ማለት አራት ኤክሶች ሲባዙ ነው አይደል፣ እነሱን ሁለት ሁለት አርገህ እሰራቸውና ኤክስ² ሲባዛ በኤክስ² ይሆናል፣ ስለዚህ ኤክስ⁴ የኤክስ² ስኩዌር ነው በቃ። አሁን ወረቀትህ ላይ ኤክስ² ያለበትን ቦታ ሁሉ ዋይ ብለህ ጻፈው፣ ኤክስ⁴ ደግሞ ዋይ² ይሆናል ማለት ነው፣ ምን ቀረ? ዋይ² − 13ዋይ + 36። ይሄን ትችላለህ፣ ሲባዙ 36 ሲደመሩ −13 የሚሆኑት −4 እና −9 ናቸው፣ (ዋይ − 4)(ዋይ − 9)። ዋይን ወደ ኤክስ² መልሰው፣ ጓደኛህ የጻፈው ጋ ደረስክ።

ዋይ ብሎ መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው ብለው የሚዘሉት ተማሪዎች አሉ፣ እኔ ግን ለጀማሪ በጣም ነው የምመክረው፣ ቢያንስ ሀያ ሰላሳ ጥያቄ በዋይ ስራ፣ ከዛ በኋላ አይንህ ራሱ ማየት ይጀምራል እና ትተወዋለህ። አንድ ነገር ብቻ እንዳትረሳ፣ ዋይን ወደ ኤክስ² ሳትመልስ መልስ ነው ብለህ እንዳታስረክብ፣ ጥያቄው ውስጥ ዋይ የሚባል ነገር አልነበረም።

እና መቼ ነው ይሄ ዘዴ የሚሰራው? ፓወሩ ትልቅ መሆኑን አትይ፣ በሁለቱ ፓወሮች መሀል ያለውን ዝምድና ነው የምታየው። የመጀመሪያው ፓወር የመሀለኛው እጥፍ ከሆነ እና ሶስተኛው ተርም ቁጥር ብቻ ከሆነ ይሰራል፣ 4 እና 2፣ 6 እና 3፣ 8 እና 4፣ 10 እና 5፣ ሁሉም ኳድራቲክ (ትልቁ ፓወሩ 2 የሆነ) ናቸው ተደብቀው ነው እንጂ። ኤክስ¹⁰ + 7ኤክስ⁵ + 12 ቢመጣብህ ሳትደነግጥ (ኤክስ⁵ + 3)(ኤክስ⁵ + 4) ትላለህ። ኤክስ⁴ + 3ኤክስ + 2 ግን እንደዛ አይደለም፣ የ4 ግማሽ 2 ነው እዚህ መሀል ላይ ያለው 1 ነው፣ በዋይ ልትሰራው ብትሞክር 1 እና 2ን አግኝተህ ኤክሱ አልገጥም ይልሃል።

አሁን ወደ ጓደኛህ ልምጣ። እሱ ያጠፋው የለም፣ የጻፈው ልክ ነው ግን መሀል መንገድ ላይ ቆሟል። ፋክተር አድርግ ሲባል ከዚህ በላይ የማይበተን እስኪሆን ድረስ ማለት ነው፣ ቅንፍ አወጣሁ ብለህ እስክሪብቶ አታስቀምጥም፣ እያንዳንዱ ቅንፍ ራሱን የቻለ አዲስ ጥያቄ ነው። ኤክስ² − 4 ምንድነው? የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ነው፣ (ኤክስ − 2)(ኤክስ + 2)። ኤክስ² − 9 ደግሞ (ኤክስ − 3)(ኤክስ + 3)። ስለዚህ ሙሉው መልስ (ኤክስ − 2)(ኤክስ + 2)(ኤክስ − 3)(ኤክስ + 3) ነው፣ አራት ቅንፍ። ልክ መሆኑን ማጣራት ከፈለክ ሁሉንም መልሰህ ማባዛት አይጠበቅብህም፣ ኤክስን 10 አርገው፣ ጥያቄው 10000 − 1300 + 36 ማለትም 8736 ይሰጣል፣ መልስህ ደግሞ 8 × 12 × 7 × 13 እሱም 8736። በአንድ ቁጥር መግጠሙ ብቻውን ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም ግን የምልክት ስህተት ከሰራህ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ይያዛል፣ ፈተና ላይ ደግሞ ግማሽ ደቂቃ አይወስድም።

የት ነው የሚቆመው ካልክ ይሄን እይ፣ ኤክስ⁴ − 5ኤክስ² − 36። ሲባዙ −36 ሲደመሩ −5፣ −9 እና 4፣ (ኤክስ² − 9)(ኤክስ² + 4)። የመጀመሪያው ይበተናል፣ (ኤክስ − 3)(ኤክስ + 3)። ሁለተኛውን ግን ብዙ ተማሪ (ኤክስ + 2)(ኤክስ + 2) ሲለው አያለሁ፣ ያ ስህተት ነው፣ እሱን ብታባዛው መሀል ላይ 4ኤክስ ይመጣል። ለምን እንደማይበተን በምክንያት ያዘው፣ ኤክስ − 2 የሚባል ፋክተር ቢኖረው ኖሮ ኤክስ 2 ሲሆን ነገሩ ዜሮ መሆን ነበረበት፣ ኤክስ² + 4 ግን የትኛውንም ሪል ቁጥር ብታስገባበት ከ4 አያንስም፣ ምክንያቱም ስኩዌር ኔጌቲቭ አይሆንም፣ ዜሮ የማይሆን ነገር እንደዛ ዓይነት ፋክተር ከየት ያመጣል። ስለዚህ እሱን እንዳለ ትተወዋለህ።

ፓወሩ 6 ሲሆን ደግሞ ኪዩብ ይመጣል። ኤክስ⁶ − 7ኤክስ³ − 8 ብንወስድ ዋይ ኤክስ³ ነው፣ (ዋይ − 8)(ዋይ + 1)፣ ማለትም (ኤክስ³ − 8)(ኤክስ³ + 1)። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚያቆመው፣ ግን 8 የ2 ኪዩብ ነው 1 ደግሞ የራሱ ኪዩብ ነው፣ የኪዩቦች ልዩነትም ድምርም ይበተናል (ከስኩዌር የሚለየው እዚህ ጋ ነው፣ ስኩዌር ላይ ልዩነቱ ብቻ ነበር)። ኤክስ³ − 8 = (ኤክስ − 2)(ኤክስ² + 2ኤክስ + 4)፣ ኤክስ³ + 1 = (ኤክስ + 1)(ኤክስ² − ኤክስ + 1)። የሚያምታታው ምልክቱ ነው፣ ትንሿ ቅንፍ የጥያቄውን ምልክት ትይዛለች፣ ትልቋ ቅንፍ መሀል ላይ ተቃራኒውን ትይዛለች፣ መጨረሻዋ ሁሌ ፕላስ ነው። እና ትልቋ ላይ 2ኤክስ እንጂ 4ኤክስ አይደለም፣ ስኩዌር ስታደርግ የለመድከው እጥፍ ማድረግ እዚህ የለም።

ፊት ላይ ቁጥር ሲኖርስ? 6ኤክስ⁴ − 7ኤክስ² − 3። እዚህ መጀመሪያና መጨረሻውን ታባዛለህ፣ 6 × −3 = −18፣ ሲባዙ −18 ሲደመሩ −7 የሚሆኑት −9 እና 2 ናቸው፣ መሀለኛውን በነሱ ትሰነጥቀዋለህ፣ 6ኤክስ⁴ − 9ኤክስ² + 2ኤክስ² − 3፣ ሁለት ሁለቱን ግሩፕ አርገህ 3ኤክስ²(2ኤክስ² − 3) + 1(2ኤክስ² − 3)፣ መልሱ (3ኤክስ² + 1)(2ኤክስ² − 3)። ያቺን 1 መጻፍ እንዳትንቅ፣ ሳትጻፍ ስትቀር ነው ቅንፏ የምትጠፋው።

እና ይሄን በመጨረሻ ልበልህ እንጂ ስትሰራ የመጀመሪያ ነው፣ ማንኛውንም ነገር ከመጀመርህ በፊት ትልቁን የጋራ አካፋይ አውጣ። 2ኤክስ⁵ − 26ኤክስ³ + 72ኤክስ ብትመለከት ፓወሮቹ 5፣ 3፣ 1 ናቸው፣ 5 የ3 እጥፍ አይደለም ስለዚህ አይሰራም ብለህ ልትተወው ትችላለህ። 2ኤክስን ስታወጣው ግን 2ኤክስ(ኤክስ⁴ − 13ኤክስ² + 36) ይሆናል፣ ያንተው ባዶ የተውከው ጥያቄ ውስጥ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ መምህር። እናት ነኝ፣ ልጄን ላግዛት ብዬ ድሮ የተማርኩትን እየከለስኩ ነው። አንድ ጥያቄ ግን ሁለታችንንም አሸነፈን፣ ኤክስ⁴ + ኤክስ² + 1። ሲባዙ 1 ሲደመሩ 1 የሚሆን ቁጥር የለም፣ ስለዚህ አይበተንም ብለን ተውነው፣ መልሱ ላይ ግን (ኤክስ² + ኤክስ + 1)(ኤክስ² − ኤክስ + 1) ይላል። ብናባዛው ልክ ነው። ግን ከየት መጣ? ልጄ መሸምደድ ነው እንዴ ያለብኝ እያለችኝ ነው።

መልስ፦ እንደምን ሰነበቱ እህቴ። መሸምደድ የለባትም፣ ይሄ ራሱ ከሚያውቁት ከሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ነው የሚወጣው፣ ልዩነቱን ግን እኛ ነን የምንሰራው። እንዲህ ይዩት፣ ኤክስ⁴ የኤክስ² ስኩዌር ነው፣ 1 የ1 ስኩዌር ነው፣ ሁለቱ ጫፎች ስኩዌር ከሆኑ (ኤክስ² + 1)² ብንል ምን ይሰጠናል? ኤክስ⁴ + 2ኤክስ² + 1። እኛ ያለን አንድ ኤክስ² ነው፣ እዚህ ሁለት ሆነ፣ አንድ ተርፏል። ስለዚህ የተረፈውን እንቀንሰዋለን፣ (ኤክስ² + 1)² − ኤክስ²። አሁን የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ሆነ፣ አንዱ ኤክስ² + 1 ሌላው ኤክስ፣ (ኤክስ² + 1 − ኤክስ)(ኤክስ² + 1 + ኤክስ)፣ ቅደም ተከተሉን ሲያስተካክሉት መልሱ ላይ ያለው ነው። በ10 ለማጣራት ከፈለጉ 10101 ይመጣል፣ እሱም 111 × 91 ነው፣ እኔ በበኩሌ ይሄን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ለልጅዎ ይሄን ቢነግሯት ደግሞ ቅር የሚላት አይመስለኝም። ላይብኒዝ፣ ከኒውተን ጋር ካልኩለስን ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ፣ በ1702 እ.ኤ.አ. ኤክስ⁴ ሲደመር የአንድ ቁጥር አራተኛ ፓወር በሪል ቁጥሮች ወደ ሁለት ኳድራቲክ አይበተንም ብሎ ጽፏል። በ1719 ኒኮላስ በርኑሊ እንደሚበተን አሳየ፣ ያሳየውም አሁን እርስዎ ባዩት መንገድ ነው፣ የጎደለውን መሀለኛ ተርም ጨምሮ መልሶ በመቀነስ። ኤክስ⁴ + 1 ማለት (ኤክስ² + 1)² − 2ኤክስ² ነው፣ 2ኤክስ² ደግሞ የ√2ኤክስ ስኩዌር ነው፣ ስለዚህ (ኤክስ² + √2ኤክስ + 1)(ኤክስ² − √2ኤክስ + 1)። ያን ያህል ትልቅ ሰው ያለፈውን ነገር እናንተ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ሳታዩት ብትቀሩ ምንም አይደንቅም። ኤክስ⁴ + 4 ደግሞ በሙሉ ቁጥር ይወጣል፣ 4ኤክስ² ጨምረው ይቀንሱበትና (ኤክስ² + 2ኤክስ + 2)(ኤክስ² − 2ኤክስ + 2) ያገኛሉ፣ ይሄ ዓይነቱ በፈረንሳይዋ የሂሳብ ሊቅ በሶፊ ዠርማን ስም ነው የሚጠራው፣ ከ1776 እስከ 1831 የኖረች ሴት ናት።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፣ ቅንፉ ውስጥ ፕላስ ነው ማይነስ ነው የሚገባው? ሁለቱንም መሞከር ነው። ኤክስ⁴ − 7ኤክስ² + 9 ን ይውሰዱ። (ኤክስ² + 3)² ቢሉ መሀሉ 6ኤክስ² ነው፣ −7 ጋ ለመድረስ 13ኤክስ² መቀነስ አለብዎት፣ 13 ስኩዌር አይደለም፣ አልሰራም። (ኤክስ² − 3)² ቢሉ መሀሉ −6ኤክስ² ነው፣ −7 ጋ ለመድረስ አንድ ኤክስ² ብቻ መቀነስ፣ 1 ስኩዌር ነው፣ ሰራ፣ (ኤክስ² − ኤክስ − 3)(ኤክስ² + ኤክስ − 3)። ሁለቱም እምቢ ካሉስ፣ ለምሳሌ ኤክስ⁴ − 10ኤክስ² + 1 ላይ በፕላስ 12ኤክስ² ይተርፋል በማይነስ 8ኤክስ²፣ ሁለቱም ስኩዌር አይደሉም፣ በተለመደው መንገድም ሲባዙ 1 ሲደመሩ −10 የሚሆን ሙሉ ቁጥር የለም፣ እንዲህ ሲሆን በሙሉ ቁጥር አይበተንም ብሎ መጻፍ ትክክለኛ መልስ ነው። ልጅዎ ግን ይሄን መልስ የምትጽፈው ሁለቱንም መንገድ ከሞከረች በኋላ ይሁን፣ ሲባዙ ሲደመሩ የሚለው ስላልሰራ ብቻ አይበተንም ማለት እንደማይቻል እናንተው አይታችሁታል።

ጥያቄ፦ ከብዙ አመት በኋላ ትምህርት የቀጠልኩ ሰው ነኝ። ፓወሩ እጥፍ ካልሆነስ? ኤክስ³ − 7ኤክስ + 6 ሶስት ተርም ነው ግን ዋይ ብዬ መጀመር አልቻልኩም።

መልስ፦ ልክ ነዎት አይቻልም፣ 3 የ1 እጥፍ አይደለም። እዚህ ዜሮ የሚያደርገውን ቁጥር መፈለግ ነው ያለው፣ ፊት ላይ ያለው 1 ስለሆነ ሙሉ ቁጥር የሆነ መልስ ካለው የ6 አካፋይ ነው የሚሆነው፣ ማለትም 1፣ 2፣ 3፣ 6 እና ኔጌቲቮቻቸው፣ ከዚህ ውጪ መድከም የለም። 1ን ያስገቡ፣ 1 − 7 + 6 = 0። ስለዚህ ኤክስ − 1 ፋክተር ነው። ከዛ በእሱ ያካፍላሉ፣ ሲያካፍሉ ግን የጠፋውን ኤክስ² ቦታ በዜሮ ይሙሉት፣ ኤክስ³ + 0ኤክስ² − 7ኤክስ + 6 ብለው ይጻፉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዜሮዋን ዘሎ ነው። ኤክስ² + ኤክስ − 6 ይወጣል፣ እሱ ደግሞ (ኤክስ − 2)(ኤክስ + 3)። ሙሉው (ኤክስ − 1)(ኤክስ − 2)(ኤክስ + 3)።

ይሄም የማይሰራበት አለ። ኤክስ⁵ + ኤክስ + 1 ላይ 1 ቢያስገቡ 3 ነው፣ −1 ቢያስገቡ −1 ነው፣ ዜሮ የለም፣ ግን ይበተናል። ኤክስ² ቀንሰው መልሰው ይደምሩ፣ ኤክስ⁵ − ኤክስ² + ኤክስ² + ኤክስ + 1፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኤክስ²(ኤክስ³ − 1) ናቸው፣ ኤክስ³ − 1 ውስጥ ደግሞ ኤክስ² + ኤክስ + 1 አለ፣ የጋራ ሆነ ማለት ነው፣ (ኤክስ² + ኤክስ + 1)(ኤክስ³ − ኤክስ² + 1)። ይሄን በራሴ ማሰብ ነበረብኝ ብለው አይጨነቁ፣ አንዴ ካዩት በኋላ ግን እየጨመሩ መቀነስ የሚለው ሀሳብ ምን ያህል ቦታ እንደሚሰራ ይታይዎታል።

ጥያቄ፦ መምህር አጭር ናት፣ ኤክስ⁴ − 13ኤክስ² + 36 = 0 ፍታ ሲባል 4 እና 9 ብዬ ነበር፣ ለምን ተሳሳትኩ?

መልስ፦ 4 እና 9 የዋይ መልሶች ናቸው፣ የተጠየቅከው ኤክስን ነው። ኤክስ² = 4 ከሆነ ኤክስ 2 ወይም −2 ነው፣ ኤክስ² = 9 ከሆነ 3 ወይም −3፣ አራት መልስ። ኤክስ⁴ − 5ኤክስ² − 36 = 0 ቢሆን ኖሮ ደግሞ ኤክስ² = 9 እና ኤክስ² = −4 ይመጣል፣ ሁለተኛው ሪል መልስ የለውም፣ ስለዚህ 3 እና −3 ብቻ።